አሥራ አንደኛው ቦታ

ንፋስ ስልክ፣ የካቲት 4 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ገብረ መድኅን
ጎሬ

የዝውውርዎ ወረቀት ዛሬ ጠዋት በአራት ሰዓት ተጽፎ አልቋል። የቀረው የብላታ መዝገቡ ፊርማ ነው።

ሰላምታ ሳላቀርብ ወደ ወሬው ስለገባሁ ይቅር ይበሉኝ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእማዬ ጉልበት እንዳለ ነው፤ ዛሬ ግን ሕመሙን ረስታዋለች። ወረቀቱን በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ አባባ! «ከጎሬ መዝገብ ቤት ወደ አዲስ አበባ» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ያስረከብኩት ሦስተኛውን ነው።

«አራት ዓመት ሙሉ የረሱኝ ሰዎች ዛሬ ከየት አመጡኝ?» ብለው ቢጠይቁኝ መልሱ ይኸው። በግንቦት የአፍሪካ መሪዎች ለጉባኤ ይመጣሉ። እያንዳንዱ መሪ ከአውሮፕላን ሲወርድ ሹማምንቱ በማዕረግ ተሰልፈው ይቀበላሉ። የውጭ ጋዜጠኛ ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሣል። ስለዚህ የክብር ቅደም ተከተሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጽፎ፣ ጸድቆ፣ ታትሞ ይውጣ ተባለ። እስከ ዛሬ ዝርዝሩ የነበረው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ የሚበልጠውም ለዓመታት የሹማምንቱን ስም በተራ ሲጠሩ በኖሩት በእርስዎ።

እስከ አሥረኛው ድረስ ክርክር የለም። ከአሥራ ሦስተኛው በታችም የለም። የተጣሉት አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው፣ ብላታ መዝገቡና ክቡር አቶ ከበበው ናቸው። ሁለቱም ምክትል ሚኒስትር የሆኑት ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በአንድ ቀን ነው። ደንቡን እርስዎ ያውቁታል፤ በአንድ ቀን ከተሾሙ ሰዎች በሹመቱ ወረቀት ላይ ቀድሞ የተጻፈው ይቀድማል። ወረቀቱ ግን ተፈልጎ አልተገኘም። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የሚነጠፈው ምንጣፍ ደግሞ የሚበቃው ለአሥራ አንድ ሰው ነው። አሥራ ሁለተኛው ሣር ላይ ይቆማል። ሣሩስ ባልከፋ፤ የሚቀጥለው የሚኒስትርነት ቦታ ሲከፈት በዚሁ ዝርዝር ተራ ይሰጣል እየተባለ ነው።

ብላታ መዝገቡ ዓርብ ዕለት ራሳቸው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ቆምኩ።

«አንቺ የገብረ መድኅን ልጅ ነሽ?»

«አዎ፣ ክቡርነትዎ።»

«በሹመታችን ቀን ስማችንን ያነበቡት አባትሽ ናቸው። አንባቢ የተጻፈለትን ተራ አይለውጥም። ‹መዝገቡን አስቀድሜ ጠርቻለሁ› ብለው አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም። የፋሲካን ዶሮ ቤታቸው ገብተው ይበላሉ።»

አንድ መስመር ብቻ አባባ! እማዬ ይህን ስትሰማ ፍራሹን ሁሉ አውጥታ ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። ሙሉ ልብስዎን ለልብስ ሰፊ ልትሰጥ ስለሆነ የወገብዎን ልክ ይላኩ። «ጎሬ አክስቷቸዋል ወይስ አወፍሯቸዋል?» ትላለች።

መስመሩን በሚቀጥለው ፖስታ ይላኩልኝ።

ልጅዎ ውዳሴ


ጎሬ፣ የካቲት 14 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለልጄ ለውዳሴ
ንፋስ ስልክ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽስ እንደምን አለች? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደኅና ነኝ። መልስ ያዘገየሁት የፖስታው አውሮፕላን ባለፈው ሳምንት በዝናብ ምክንያት ሳያርፍ ስለተመለሰ ነው። በዚህ አገር ዝናብ ወር አይመርጥም።

ለእናትሽ ጥያቄ፦ በሁለት ጣት ቀንሻለሁ። ልብሱን ግን ለጊዜው ባታስነካው ይሻላል።

አቶ ማሞ ስለ ሰልፉና ስለ ምንጣፉ ከደብዳቤሽ ጋር በሌላ ወረቀት ያስጠየቁኝን አንብቤአለሁ። የክፍል ሹም ሆነው ምክር በመጠየቃቸው ደስ ብሎኛል፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩት አይጠይቁም ነበር። ምንጣፉን ይዘው ሰውን አይለኩ። ሰውን አሰልፈው ምንጣፉን ይለኩ። ባለ ካባ ሰው ከባለ ኮት ሰው የአንድ ክንድ ያህል ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል። በወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉም እኩል ነው፤ ሜዳ ላይ ግን አንዱ ተገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ የቢሮውን ሰዎች ሰብስባችሁ፣ የየሹሙን ስም በካርቶን ጽፋችሁ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉና ልምምድ አድርጉ። ከተማ ውስጥ ካደረጋችሁት ግን ማን የት እንደቆመ እዚያው ምሳ ሳይደርስ ወሬው ይዳረሳል። ላፍቶ ሂዱ። የለታ ሂርጳ የግጦሽ መስክ ሜዳ ነው፤ አጨዳውም አልቋል። ለታ የድሮ ጎረቤቴና ወዳጄ ነው፤ በእኔ ስም ጠይቂው፣ እምቢ አይልም።

እዚህ ከመጣሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ቀረው። ያኔ አንድ ባለ ጊዜ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ፊት እንዲቆም ዓይኔን ጨፍኜ ባልፍ ኖሮ ዛሬ ከእናንተ ጋር ነበርኩ። «ደንቡ አይፈቅድም» አልኩ፤ በሳምንቱ ጎሬ ገባሁ። ይህን የማነሣው ላማርር ብዬ አይደለም።

ብላታ መዝገቡ ስለሚፈልጉት መስመር ደግሞ እጽፋለሁ። ወረቀትና ቀለም አላጣሁም። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። እስከዚያው የዝውውሩን ነገር ለጎረቤት አታውሩ።

ማር ልኬአለሁ። እንስራውን ቀስ ብላችሁ ክፈቱት።

አባትሽ ገብረ መድኅን


ንፋስ ስልክ፣ የካቲት 26 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ

ልምምዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፍቶ ላይ ተካሄደ። ሃያ ስድስት ሰው ነበርን።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ማሩ ደርሶናል። ስለ ጎረቤት ያሉት ግን ዘግይቷል፤ እማዬ ፍራሽ ስታሰጣ ያየ ሰው ሁሉ ጠይቋት ለሁሉም ነግራለች።

ልምምዱ እንዴት ሆነ ብለው እንደሚጠብቁ አውቃለሁና ሁሉንም ልጻፍልዎ። አቶ ለታ መስኩን ለመስጠት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «እንግዳው እኔ ልሁን እንጂ በገዛ መስኬ ቆሜ አላይም» አሉ። አቶ ማሞም ተስማሙ፤ ሌላ መሪ ከየት ይመጣል? አውሮፕላኑ የጭድ ክምሩ ሆነ። አቶ ለታ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ክምሩ ላይ ወጡ። የአውሮፕላኑ ደረጃ ብለን መሰላል አስደገፍን። የምንጣፉን ልክ በኖራ አሰመርን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ገዲሴ ከአጥሩ ሥር ሆነው «ለታ! ወድቀህ መንግሥት እንዳታዋርድ!» እያሉ ይጮኻሉ።

አቶ ለታ ወረዱና የመጀመሪያውን ሰው እጅ ጨበጡ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ነው፤ አንገቱ ላይ የታላቅ ሰው ስም አንጠልጥሏል።

«አካም? ደኅና ነህ? ከብቱ ደኅና? ልጆቹስ? ገብሱ እንዴት ነው ዘንድሮ?»

አቶ ማሞ ሰዓታቸውን እያዩ፣ «አቶ ለታ፣ ለአንድ ሰው የተፈቀደው አራት ሰከንድ ነው!» አሉ።

«በአራት ሰከንድማ በሬና በሬም አይተዋወቅ!»

«መሪ እንዲህ አይቆይም እኮ።»

«ታዲያ ሰላም የማይል ምን መሪ ነው?»

አባባ፣ እንዲህ ስቄ አላውቅም። እንባዬ መጣ። ሦስት ጊዜ ክምሩ ላይ ወጥተው ሦስት ጊዜ ወረዱ። በሦስተኛው ጊዜ የገብሱን ጥያቄ ትተው የከብቱን ብቻ አስቀሩ። እርስዎ እንዳሉት ካባ የለበሱትን ስንለካ ምንጣፉ ለአሥራ አንድ ሰው እንኳ በጭንቅ ነው የበቃው።

ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የብላታ መዝገቡን ካርቶን ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ። የአቶ ከበበውን ያንጠለጠለው ሾፌሩ ሸምሱ ነው። አቶ ለታ ወደ እኛ ሲቃረቡ ሸምሱ ግማሽ እርምጃ ወደ ኖራው ገባ። እኔም ገፋሁት።

«ሸምሱ፣ ወደ ኋላ!» አሉ አቶ ማሞ።

«ጌታዬ፣ እኔ ምን አደረግሁ? ካርቶኑ ነው የሚገፋኝ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ለታ ግን አልሳቁም። እኔንና ሸምሱን ተራ በተራ አዩንና «ማነው ቀዳሚው?» አሉ። አቶ ማሞ «እሱን የሚያውቀው ገብረ መድኅን ነው» አሉ።

«ታዲያ ጠይቁታ! ጎሬ ሰማይ ላይ ነው እንዴ?»

አባባ፣ እኔም ይህንኑ ልበልዎ። መስመሩ አልደረሰኝም። ብላታ መዝገቡ ሁለት ጊዜ አስጠይቀዋል። የዝውውሩ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ ብዕር ማንሣት ነው የቀራቸው። ፋሲካ ሚያዝያ 6 ነው። እማዬ ቤቱን ኖራ አስቀብታለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት አቶ ከበበው ወደ ቢሯችን መጡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። አይቆጡም፣ አያስፈራሩም። «አባትሽ ደኅና ናቸው?» አሉኝ። ደኅና ናቸው አልኩ። «ያን ቀን ካባ ተውሼ መምጣቴን ያስታውሱ እንደሆነ ብቻ ጠይቂልኝ» ብለው ሄዱ። ከዚህ ነገር ጋር ካባ ምን አገናኘው?

ልጅዎ ውዳሴ


ጎሬ፣ መጋቢት 8 ቀን 1955 ዓ.ም.

ልጄ ውዳሴ

አቶ ከበበው ካባ ተውሰው ነበር። አስታውሳለሁ።

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ለታ ከክምሩ እስከሚወርድ ድረስ ብቻዬን እየሳቅኩ አነበብኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ለማንበብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ይህን ስታነቢ ተቀመጪ፤ እናትሽም ከአጠገብሽ ትሁን።

በሹመቱ ቀን ወረቀቱ ላይ ሰባት ስም ነበር። አምስተኛው ከበበው፣ ስድስተኛው መዝገቡ። የወረቀቱ ተራ ይህ ነው። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በእጄ ይዤዋለሁ።

ለአንባቢ በዚያ አዳራሽ ሁለት ነገር ክልክል ነው፤ ማሳልና ዝም ማለት። አራተኛውን ጠርቼ ቀና ስል ከበበው በሩ ላይ የለም። ካባው የሰው ነበር። ማሰሪያው ተቋጥሮ እምቢ ብሎ ሁለት ሰዎች ከመጋረጃው በስተጀርባ ሲታገሉለት በጎን ይታየኛል። ከበበው ያኔ ወጣት ነው፤ ከድሃ ቤት ነው የወጣው። ስሙን ጠርቼ ቢጠፋ፣ ወይም ዝም ብዬ ብጠብቀው፣ አዳራሹ በሙሉ ወደ በሩ ይዞራል። በመጀመሪያ ቀኑ መሳቂያ ሊሆን ነው። ስለዚህ መዝገቡን ጠራሁ። እሱ እጅ ነሥቶ እስኪመለስ ካባው ታሠረ፤ ከበበውን አስከትዬ ጠራሁት። ላድነው ብዬ ነበር።

ከአዳራሹ ስንወጣ ላስተካክል አስቤ ነበር። ምሳ ላይ መዝገቡ ከፊት፣ ከበበው ከኋላ ተቀመጡ። ለወንበር ብዬ የደስታ ቀን አልበጠብጥም፣ ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ። ሳምንቱ ዓመት ሆነ። ሰው አንድ ጊዜ ከፊት ከተቀመጠ ወንበሩ ራሱ ምስክር ይሆንለታል። ከበበው አንድ ጊዜ ብቻ «እኔ በወረቀቱ ላይ ቀዳሚ ነበርኩ፤ አንባቢው አልፎኝ ነው» ብሎ ተናገረ። ሰዎቹ «ገብረ መድኅን ያልፋል እንዴ? እሱ ኮማ እንኳ አያልፍም!» ብለው ሳቁበት። እኔም እዚያው ነበርኩ። ጫማዬን አየሁ።

ከአራት ዓመት በፊት በአንድ እርምጃ ምክንያት ወደዚህ ስላክ ብዙ ሰው «ለደንብ የተሠዋ» ብሎ አዘነልኝ። አንቺም በዚህ ትኮሪያለሽ። ደንብ ሳስተምር የኖርኩት ግን የራሴን ስህተት በኪሴ ይዤ ነው። ይህን ከእኔ ሳትሰሚ እንዳትቀሪ ብዬ ነው።

ብላታ የጠየቁኝ መስመር ውሸት የለበትም። አስቀድሜ የጠራሁት እሳቸውን ነው። ያንን ጽፌ ካቆምኩ ለፋሲካ ቤቴ ነኝ። መስመሩን ጽፌ ሁለት ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ አየሁት። አሁን ከሥሩ ስድስት መስመር ጨምሬበታለሁ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰባቱን ስም ተራና ያደረግሁትን። ፈርሜ አሽጌዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ።

የሚሰጠው ለአቶ ማሞ ነው። ከመስጠትሽ በፊት ግን ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ አንብቢላት። አራት ዓመት የጠበቀችኝ እሷ ናት። ፍራሽ ያሰጣችውም እሷ ናት። ሳትሰማ እንዳይሰጥ።

ልብሱን ለልብስ ሰፊ አትስጡ ያልኩት ለዚህ ነበር። ይቅር በሉኝ።

አባትሽ ገብረ መድኅን


ንፋስ ስልክ፣ መጋቢት 20 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ

የታሸገውን ወረቀት ትናንት ጠዋት በሦስት ሰዓት ለአቶ ማሞ ሰጥቻለሁ።

እንደምን ሰነበቱ? ተቆጥተሻል ወይ ብለው እንደሚያስቡ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ተቆጥቼ ነበር። ሁለተኛውን ቀን ደግሞ እርስዎ ጫማዎን ሲያዩ ታዩኝና ቁጣው ሄደ።

ለእማዬ ያነበብኩላት ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ነው። ጎመን እየቀነጠሰች ሰማችኝ። ስጨርስ «ድገሚው» አለች። ደገምኩት። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ያ ከበበው የሚባለው ሰውዬ ሚስት አለው?»

«አለችው።»

«እንግዲህ እሷም አሥራ አራት ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች ማለት ነው። ባልየው በቆመበት ተራ ነው ሚስቲቱ የምትቀመጠው። አባትሽ ናቸው ይህን ያስተማሩኝ።»

ደብዳቤውን አጣጥፌ ያዝኩ።

«እኔ የጠበቅሁት አራት ነው። ሂጂ ስጪ።»

ከዚያ ግን ተነሣባት። ስትናደድ አንቱታው እንደሚጠፋ ያውቃሉ። «ይህን ጻፊልኝ!» አለች፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው። «አንተ ሰውዬ፣ ለአገሩ ሰው ሁሉ ተራ ስታወጣ ስትኖር እኔን ስንተኛ ላይ ነው ያኖርከኝ? መልሱን በደብዳቤ አልፈልግም። በአካል መጥተህ ንገረኝ።» ከዚያ ጎመኑን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትዘፍን ሰማኋት፤ ስለዚህ አይጨነቁ።

አሁን ወደ ቢሮው። አቶ ማሞ ወረቀቱን ቆመው አነበቡት፤ ተቀምጠው ደገሙት፤ ከዚያ በሩን ዝጊ አሉኝ። «አባትሽ አሥራ አራት ዓመት ዘግይተዋል» አሉ። ወረቀቱን እንደገና አይተው፣ «ግን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መጋረጃውን ሳይቀር ጽፈዋል። በራሱ ላይ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው የቀረውን ዝርዝር ቢያረጋግጥልኝ ማን ይከራከረኛል?» አሉና ዝርዝሩን ለሚያጸድቀው ኮሚቴ ወዲያው በታይፕ ማስታወሻ አስመቱኝ። አባባ፣ ማስታወሻው ውስጥ ምን እንዳለ ሲሰሙ እንደ እኔ ከወንበርዎ ይነሣሉ! በግንቦት እንግዶቹ ወደ አዳራሹ ሲገቡ የሁሉንም ስም በተራ የሚጠራ አንባቢ ያስፈልጋል። አቶ ማሞ ለዚህ ሥራ እርስዎ ከጎሬ ይጠሩ ብለው ጠይቀዋል። የብላታ መዝገቡ ፊርማ አያስፈልግም፤ ኮሚቴው ከፈቀደ በቂ ነው።

ብላታም ሰምተዋል። ከምሳ በኋላ በጠረጴዛዬ አጠገብ ሲያልፉ ቆሙ። «አባትሽን አንድ መስመር ጠየቅኳቸው፤ ሰባት ላኩልኝ» ብለው አለፉ። የዝውውሩ ወረቀት ግን ሳይፈረም ወደ መሳቢያ ገብቷል፤ ሸምሱ ሲገባ አይቷል። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት ሁለቱ የብላታ ወዳጆች ናቸው ይባላል። እነሱም «ስህተቱን አሥራ አራት ዓመት የደበቀ ሰው በመሪዎች ፊት እንዴት ይቆማል?» እያሉ ነው። ሁለቱ ደግሞ የአቶ ማሞን ሐሳብ ይደግፋሉ። አምስተኛው ምን እንደሚያስቡ የሚያውቅ የለም፤ ከማንም ጋር አያወሩም።

አቶ ከበበውን አቶ ማሞ አስጠርተው ወረቀቱን አሳዩአቸው። ለረጅም ጊዜ ያዙት። «ግልባጩን ለባለቤቴ ላሳያት?» ብለው ጠየቁ። አቶ ማሞ እስኪወሰን ድረስ ምስጢር ነው ብለው ከለከሏቸው። አቶ ከበበው ሲወጡ በእኔ በኩል አልፈው «ለአባትሽ ጻፊላቸው፤ ካባውን ያን ጊዜ ያዋሱኝ ሰው ሞተዋል፤ ለመመስከር የቀረልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ» አሉኝ።

እኔም ታይፕ ስመታ ውዬ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል። አጀንዳውን የመታሁት እኔ ነኝና ልንገርዎ፤ ሁለት ጥያቄ ነው ያለበት። የመጀመሪያው አሥራ አንደኛው ቦታ የማን እንደሆነ ነው። ሁለተኛውን አቶ ማሞ በራሳቸው እጅ ጽፈው ነው የሰጡኝ፤ አንድ ቃል አልለወጥኩም። «ስህተቱን በገዛ ፈቃዱ ያስረዳ አንባቢ እንደገና ስም እንዲጠራ ይፈቀድለታልን?»

ኮሚቴው ማክሰኞ መጋቢት 24 ቀን ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ተሰብስቦ ይወስናል።

ልጅዎ ውዳሴ